ያውቁ ኖሯል? የሺሺንዳ ቡናና የኒውተን ቀመር

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሺሺንዳ የቡና አገር ናት። የቡና ገበያን ነገር የፊዚክስ ቀመር ያስረዳዋል ቢባል ማን ያምናል?

ሆላንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ያን ቲንበርገን የፊዚክስ ሊቁና የአይንስታይን ወዳጁ የፖል ኤረንፌስት ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ፊዚክስንና ኢኮኖሚክስን በአንድ ላይ ያነሳ ነበር። በ1962 የአገሮችን ንግድ ለመገመት የኒውተንን የስበት ሕግ የሚመስል ቀመር ተጠቀመ፤ ኢኮኖሚያቸው ሲተልቅ ንግዱ ይበዛል፣ ርቀቱ ሲጨምር ይሳሳል። በ1969 የመጀመሪያውን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከራግናር ፍሪሽ ጋር ተካፈለ።

ርቀት ግን ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ የዋጋ ወሬ የሚዘገይበትም ጊዜ ነው። ስልክ የሚያሳጥረው ይህን ጊዜ ነው፤ የመንገዱ ጭቃ ግን እንዳለ ነው! የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ሮበርት ጄንሰን በሕንድ ኬረላ እንዳሳየው፣ ሞባይል ሲገባ የዓሣ አስጋሪው ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ አድጓል፣ የሸማቹም ዋጋ 4 በመቶ ወርዷል።

በእኛ አገር ደግሞ ተመራማሪዋ ምንትዋብ በዛብህና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ባላቸው ገበያዎች መካከል የቡና ዋጋ ልዩነት ጠቦ ተገኝቷል። በሺሺንዳ መንገድ ላይ ያለችው ቦንጋም እንዲህ ያለ መጋዘን አላት።