ሰልፉና ቢራው

በእንግሊዝ ትልልቅ ክለቦች ስታዲየም ቢራ ይሸጣል፤ ነገር ግን ሜዳው በሚታይበት ስፍራ መጠጣት እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ገበያው በ15 ደቂቃው እረፍት ላይ ይከመራል። ሰልፈኛው ሳይደርሰው ፊሽካው ይነፋል።

በአሜሪካ ሻጩ ራሱ ቢራውን ተሸክሞ ወንበር ድረስ ይመጣል። የ60 ደቂቃው ጨዋታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ የመብያው ጊዜ ሞልቷል፤ ኪስ ይቻለው እንጂ! የአትላንታው መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም በ2017 ሲከፈት ሆት ዶግ በ2 ዶላር፣ ቢራ በ5 ዶላር አቀረበ። ባለቤቶቹ እንደገለጹት፣ ዋጋው በግማሽ ወርዶ ሳለ ተመልካቹ በነፍስ ወከፍ ለምግብና መጠጥ ያወጣው ገንዘብ በ16 በመቶ ጨመረ። በ2019 ሆት ዶጉ 1.50 ገባ።

እንግሊዞች የነኩት ትኬቱን ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ2016 ለእንግዳ ቡድን ደጋፊ የ30 ፓውንድ ጣሪያ አበጀለት። ለባለሜዳው ደጋፊ ግን ጣሪያ የለም።