ስለ ሸመገሉ መኪና ነጂዎችና ስለ ሐኪም ምስክርነት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሲሆን፥ ከ1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ ከ2,600 ሜትር በላይ ይደርሳል። መጠምዘዣው ብዙ ነው፤ ጉምም ከደጋው እየወረደ ይሸፍነዋል። በዚህ መንገድ የሚነዳ ሰው ዓይኑ የጠራ፥ አንገቱ የሚዞር፥ እግሩም ፍሬን ለመርገጥ የፈጠነ ሊሆን ያስፈልጋል። የአገራችን ሕግም ከመንጃ ፈቃድ አስቀድሞ የሐኪም ምስክር ወረቀት መጠየቁ ስለዚህ ነው።

ዕድሜ ግን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ሙሴ በ120 ዓመቱ ዓይኑ አልፈዘዘም፤ ይስሐቅ ግን በሸመገለ ጊዜ ያዕቆብን ከዔሳው ለይቶ ለማየት አልቻለም። እንግዲህ ሐኪሙ የሚመረምረው የዓመቱን ቍጥር ሳይሆን ሰውየውን ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት፥ ከዕውርነት ግማሽ ያህሉ ከዓይን ሞራ ግርዶሽ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ደዌ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱ ሳያውቀው ይቆያል፤ ማታ የመኪና መብራት ከፊቱ ሲበራበት ግን መንገዱ ይጠፋዋል። ደግነቱ በቀዶ ሕክምና ይድናልና፥ ዛሬ «አይንዱ» የተባለ ሽማግሌ ታክሞ ሲመለስ ሊፈቀድለት ይቻላል። ግላኮማ የከፋ ነው። ዳር ዳሩን አጥፍቶ መካከሉን ስለሚተው፥ በግድግዳ የተሰቀለውን ፊደል አጥርቶ ያነበበ ሰው ከጎን የሚሻገረውን ሕፃን ሳያይ ይቀራል፤ የጠፋውም ብርሃን አይመለስም። ስለዚህ ፊደል ማስነበብ ብቻውን ምርመራ አይባልም። ስኳር በሽታም፥ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒትም መጠየቅ አለበት። ይልቁንም ቤተ ሰቡ፥ በለመደው መንገድ ጠፍቶ ያውቅ እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልካም ነው፤ የአሳብ መዘንጋትን ከባለቤቱ ይልቅ አብሮት የሚኖረው ያስተውለዋልና።

ጭንቁ ከምርመራው በኋላ ነው። የሽማግሌ ክብር በጋሞ ምን ያህል እንደ ሆነ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታይቷል፤ በቡራዩ ወገኖቻቸው ስለ ተገደሉ የተቈጡትን የአርባ ምንጭ ወጣቶች ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። በዚህ አገር አንድ ወጣት ሐኪም አባቱን የሚያህለውን ሰው «ከእንግዲህ አይንዱ» ለማለት ቢያፍር አያስደንቅም። ነገር ግን አፍሮ ማኅተሙን ቢመታ፥ ሽማግሌውንም ከኋላው የተሳፈሩትንም ለገደል አሳልፎ ሰጠ። ለብቻው ጠርቶ፥ የሚድነውን ከማይድነው ለይቶ በአክብሮት ይንገረው። ፈቃድ ሰጪውም መሥሪያ ቤት፥ ምርመራው ጊዜ እንደሚወስድ ዐውቆ ሐኪሙን አያጣድፈው።

በመንዳት ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ግን መሪውን ሲለቅ እንጀራውን ይለቃል። የጨንቻን ዳገት ሠላሳ ዓመት የወጣና የወረደ ነጂ፥ የትኛው መጠምዘዣ በዝናብ እንደሚያንሸራትት ያውቃል፤ የመንጃ ማሠልጠኛዎች እንዲህ ያለውን ሰው ደመወዝ ሰጥተው ለጀማሪዎች አስተማሪ ቢያደርጉት ይገባል።