አፈሩ ሲለያይ ጆንያውም ይለያይ

ዛሬ ከዋጋ ሰንጠረዡ ወጣ ብለን ስለ መሬት እናውራ፤ ዞሮ ዞሮ ዋጋው ላይ ነው የሚያርፈው።

የፈረንሳይ ወይን አምራች ጠርሙሱ ላይ አጉልቶ የሚጽፈው የመሬቱን ስም ነው፦ ቦርዶ፣ ቡርጎኝ፣ ሻምፓኝ። ቡናም ያው ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እሸቱ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ፍሬው ይጠጥራል፣ ደስ የሚለው ኮምጣጣ ቃናም ይጎላል።

ወደ እኛ እንምጣ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ሐይቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ዳርቻውን ብርድ ያን ያህል አይጎዳውም። ወደ አምባሰል ገደላገደል ስንሄድ ደግሞ ከፍታውም አፈሩም በየእርምጃው ይለዋወጣል። ታዲያ የሁለቱ ጓሮ ቡና እንዴት አንድ ዓይነት ቃና ይኖረዋል?

እኔ በድለላ ሥራዬ የማየው ግን ሰብሳቢው ሁሉንም በአንድ ጆንያ ሲከት ነው። ቀማሹ ጋ ሲደርስ ጥሩው በደካማው ይዋጣል፤ ገበሬውም የሚያገኘው የድብልቅ ዋጋ ነው። የአካባቢያችን ምርት ትንሽ ነው፤ ትንሽ ነገር ተለይቶ ካልተሸጠ ደግሞ ይጠፋል።

ስም ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው በይርጋጨፌ፣ በሲዳሞና በሐረር ስም ጉዳይ ነበር።

ዩኒየኖች፦ ቀይ እሸት ብቻ ይለቀም፣ የዳርቻውና የተራራው ለየብቻ ይድረቅ፣ ጆንያው ላይ ቀበሌው ይጻፍ፣ ናሙናውም ለየብቻ ይቀመስ። ላኪዎች፦ ለይቶ ላመጣ ጨምሩለት፤ ካልጨመራችሁለት ለከርሞ መልሶ ይደባልቀዋል።

መልካም ገበያ!