የእርጥበት ዋጋ፦ ከማሳ እስከ ቡሬ ፋብሪካ

እንደሚታወቀው ቡሬ፣ ወምበርማና ጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር ናቸው። የምዕራብ ጎጃምንና የአካባቢውን ምርት በጥሬው ከመሸጥ እዚያው ለማቀነባበር የታሰበው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በአገሪቱ በመጀመሪያው ዙር ከታቀዱት 4 ፓርኮችም አንዱ ነው። ሐሳቡ የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ ትብብር ነው። መንግሥት መሬት፣ መንገድ፣ ውኃና ኤሌክትሪክ ያቀርባል፤ ባለሀብቱ ማሽን ይተክላል፣ ገበያ ይፈልጋል። እንደ ፍኖተ ሰላም ባሉ ከተሞች የታቀዱት የገጠር ሽግግር ማዕከላት ደግሞ የገበሬውን ምርት ተቀብለው፣ መዝነውና ደረጃ አውጥተው ወደ ፓርኩ እንዲልኩ የታሰቡ ናቸው።

የዚህ ትብብር ትልቁ ፈተና ሚዛኑ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱን ከፊዚክስ እንነሣ።

በቆሎ ሲሰበሰብ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ሳይበላሽ እንዲከማች ግን ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበት። አለበለዚያ ይሻግታል፤ አፍላቶክሲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝም ሊፈጠርበት ይችላል። መርዙ ምግቡ በመብሰሉ ብቻ አይጠፋም።

አንድ ኩንታል እርጥብ በቆሎ 20 ኪሎ ግራም ውኃና 80 ኪሎ ግራም ደረቅ ቁስ ይዟል እንበል። እርጥበቱ 13 በመቶ ሲሆን 80 ኪሎው የጠቅላላው 87 በመቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ክብደቱ 80 ÷ 0.87፣ ማለትም 92 ኪሎ ግራም ያህል ነው። 8 ኪሎ ውኃ ተንኗል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን 2.4 ሜጋ ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ ድምሩ ወደ 19 ሜጋ ጁል ወይም 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህን የሚያህል ኃይል በጠራ የበጋ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያርፋል። ለትነት የሚውለው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ እህሉ በሰፊው፣ በስሱና ለጥቂት ቀናት መሰጣት አለበት።

አሁን ሁለት ጎረቤታሞች ገበያ ወጡ እንበል። አንዱ አድርቆ 92 ኪሎ፣ ሌላው ሳያደርቅ 100 ኪሎ አመጣ። የሁለቱም ምግብ 80 ኪሎ ነው። ገዢው በክብደት ብቻ ከከፈለ፣ የደከመው ገበሬ የ8 ኪሎ ዋጋ ያጣል፤ በሚቀጥለው ዓመትስ ለምን ያደርቃል? ፋብሪካውም ውኃ ገዝቶ በራሱ ነዳጅ ያደርቃል። በፓርኩ ሪችላንድ የተባለው ኩባንያ ለሚያቀነባብረው አኩሪ አተርም ነገሩ ያው ነው፤ ዘይቱ የሚገኘው ከደረቁ ቁስ ነው።

ገበሬው ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ያውቃል፤ በዋጋ ክርክር ግን ጥርስ ምስክር አይሆንም። የእርጥበት መለኪያ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ መለኪያዎች እንደ ካፓሲተር ይሠራሉ፤ እህሉ በሁለት ብረቶች መካከል ይገባል። የውኃ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር 80 ያህል፣ የደረቅ እህል ግን ጥቂት ብቻ በመሆኑ፣ ትንሽ እርጥበት ንባቡን በግልጽ ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ ሙቀትና የእህሉ ዓይነትም ንባቡን ስለሚለውጡ መሣሪያው ለየሰብሉ መስተካከልና በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

የትብብሩ ድርሻ እዚህ ላይ ይለያል። መለኪያውን መፈተሽና ማረጋገጥ የመንግሥት፣ በደረቅ ቁስ መጠን መክፈል የፋብሪካው፣ አድርቆ ማቅረብ የገበሬው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የሁለቱ ድካም ይባክናል።

ውድ ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ሞክሩት። ጥቂት በቆሎ መዝኑ፤ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ለ72 ሰዓት አድርቁና እንደገና መዝኑ። ልዩነቱን ለመጀመሪያው ክብደት አካፍላችሁ በ100 አባዙ። የምታገኙት ቁጥር የገበሬውን ዋጋ የሚወስነው ቁጥር ነው።