ቀላሉ ባትሪና ሞተር ማስነሣት

ሞተር ብስክሌት ያላቸው ጓደኞቻችን የሊትየም ባትሪ እንግዛን እያሉ ይጠይቁናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሪኖ የሚሻው ለጥቂት ሴኮንድ የሚፈስ ብርቱ ኤሌክትሪክ ነው። ፈረንሳዊው ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የእርሳስ ባትሪ ይህን ይሰጣል፤ ነገር ግን ከባድ ነው። የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ክብደት የዚያን ሢሶ ያህል ሲሆን፥ ባለ 3.2 ቮልት አራት ሴሎቹ በተከታታይ ተያይዘው 12.8 ቮልት ይሰጣሉ።

ይሁን እንጂ ከ14.6 ቮልት በላይ ቻርጅ ቢደረግ ይጎዳል። የአሮጌ ሞተር ቮልት መቆጣጠሪያ ከዚህ ሊያልፍ ይችላልና፥ ከመግዛታችን በፊት ሞተሩን አስነሥተን እንለካው። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ውርጭ በሚጥልበት አገር ደግሞ፥ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊትየሙ በሴሉ ውስጥ ተለብጦ ይቀራል፤ ጉዳቱም የማይድን ነው። ሸክሙ ቀለለልን ስንል ኪሳችንም አብሮ እንዳይቀልል እንጠንቀቅ።