ተጨማሪ መረጃ፦ ዋይፋይ አልይዝ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሲጫን ስክሪኑም፣ ኪቦርዱም፣ ድምፁም ብዙ ጊዜ ወዲያው ይሠራሉ። የሊኑክስ ድራይቨሮች በአብዛኛው ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ ሲዲ ፍለጋ መንከራተት የለም። አስቸጋሪው ዋይፋዩ ነው፤ በተለይ ካርዱ የብሮድኮም ከሆነ። ለእነዚህ ካርዶች የሚያገለግለው ቢ43 የተባለው ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ከርነል 2.6.24 ውስጥ ገብቷል። ካርዱ ሲነሳ የሚያስፈልገው ፈርምዌር ግን የብሮድኮም ንብረት ስለሆነ ከከርነሉ ጋር አይታደልም። በመሆኑም ድራይቨሩ አለ፣ ካርዱም ይታያል፣ ኔትወርክ ግን የለም።

ከሁሉ በፊት በላፕቶፑ ጎን ወይም ፊት ያለውን የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ ተመልከቱ። (ብዙ ሰው ይህን የሚያየው ሊኑክስን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከጫነ በኋላ ነው።) ከዚያ ተርሚናል ላይ «ኤልኤስፒሲአይ» (lspci) የሚባለው ትእዛዝ የካርዱን ሞዴል ያሳያል። የላፕቶፑ ስም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ላፕቶፖች የተለያየ ካርድ ሊኖራቸው ይችላል። «ዲሜሴጅ» (dmesg) ደግሞ የከርነሉን መልእክቶች ያወጣል፤ ፈርምዌር አልተገኘም የሚል መስመር ካለ ጥፋቱ ታውቋል።

ፈርምዌሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው በዚያው ካርድ ነው! መውጫው የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዳታውን ማጋራት ነው፤ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ ነፃ ያልሆኑ ፈርምዌሮችን ከመጫኛው ጋር ያቀርባል፤ የቢ43 ግን አሁንም ለብቻው ይወርዳል።