ተለዋዋጭ (ፓይተን)

ተለዋዋጭ ወይም ቫሪያብል በኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ለአንድ ዋጋ የሚሰጥ ስም ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ጊዶ ቫን ሮሰም ያወጣው ፓይተን ለጀማሪዎች ከሚመከሩት የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ ተለዋዋጭን በግዕዝ ፊደል መሰየም ይቻላል። ፩ እና ፪ን የመሳሰሉ የግዕዝ አኃዞች ግን እንደ ቁጥር አይነበቡም።

== ዋጋ መስጠት ==

«=» እዚህ እንደ ሒሳብ ትምህርት «እኩል ነው» ማለት ሳይሆን ትእዛዝ ነው፦ በስተቀኝ ያለውን አስላ፣ ውጤቱን በስተግራ ላለው ስም ስጥ። እኩል መሆኑን ለመጠየቅ «==» ይጻፋል።

የገና ቀን ጥሩ ምሳሌ ነው። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለም ለ4 ተካፍሎ 1 ቢቀር ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ይባላል። ገና ታኅሣሥ 29 ሲሆን፣ ከስድስት ቀን ጳጉሜን በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል።

 ዓመት = 2015
 ዓመተ_ዓለም = 5500 + ዓመት
 ቀሪ = ዓመተ_ዓለም % 4
 ገና = 29 - (ቀሪ == 0)

«%» የማካፈልን ቀሪ ይሰጣል። በቅንፍ ያለው እውነት ከሆነ እንደ 1፣ ሐሰት ከሆነ እንደ 0 ይቆጠራል። የ7515 ቀሪ 3 ስለሆነ ገና 29 ይሆናል። (5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ሁለተኛውን መስመር እዚህ መዝለል ይቻል ነበር፤ በ19 የሚካፈለውን መደብ ለማግኘት ግን አይቻልም።)

== ማደስ ==

 ዓመት = ዓመት + 1

በሒሳብ ይህ ሊሆን የማይችል እኩልታ ነው፤ በፓይተን ግን የዘወትር ሥራ ነው። አሮጌው 2015 ተነብቦ 1 ይደመርበታል፣ ስሙም 2016ን ይይዛል። አጭር አጻጻፉ «ዓመት += 1» ነው።

ጀማሪን የሚያሳስተው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ዓመት ቢታደስም ገና አሁንም 29 ነው። ተለዋዋጭ የሚይዘው ውጤቱን እንጂ የተሰላበትን ቀመር አይደለም። በኤክሴል አንድ ሳጥን ሲቀየር በቀመር የተያያዙት አብረው ይቀየራሉ፤ በፓይተን እንዲህ የለም። በ2016 ዓ.ም. ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። ይህን ፕሮግራም አምኖ ከላስታ መንደሮች በእግሩ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ምዕመን ለዋዜማው ብሎ ቢነሣ፣ የሌሊቱ ማኅሌትና ቅዳሴ አልፎ ይደርሳል።

መፍትሔው ሦስቱን መስመሮች በቅደም ተከተላቸው እንደገና ማስኬድ ነው። የገና መስመር ከቀሪ መስመር ቢቀድም የአምናው ቀሪ ሥራ ላይ ይውላል። ፓይተን ዋጋ ያልተሰጠው ስም ሲያገኝ ስሕተቱን ተናግሮ ይቆማል፤ ጊዜው ያለፈበት ዋጋ ሲያገኝ ግን ዝም ብሎ ያሰላል።